ውሃውን አምጡ!

ስልኩ ሲጠራ አንድ የተቃጠለ ማራገቢያ ሆዱን ከፍቼ ተቀምጫለሁ። ቁጥሩ የኢትዮጵያ ነው።

«ሄሎ፣ ኢንጂነር ጉረኛ ነህ?» አለችኝ አንዲት ልጅ።

ጅቡቲ ውስጥ ጉረኛ የሚለኝ ሰው ሞልቷል። ዝናዬ ድንበር መሻገሩን ግን ያን ቀን ነው ያወቅኩት።

«ኢንጂነሩ ልክ ነው። ጉረኛውን ከየት አመጣሽው?»

«አባባ ስልኩ ላይ እንደዚያ ብሎ ነው የመዘገበህ። ሰላማዊት ነኝ፣ የአርጋው ልጅ። ከድሬ ነው የምደውልልህ።»

ከዚያ መርዶውን ነገረችኝ። የያዝኩትን ካቻቢቴ ቀስ ብዬ አስቀመጥኩት። ጋሼ አርጋው ካረፈ አስራ ሁለት ቀን ሆኖታል። ስኳሩ ነው የጣለው። እኔ ደግሞ ያን ሰሞን ‹ሽማግሌው ምነው ጠፋ፣ ደህና ሲሆን ይደውላል› እያልኩ የሰው ማራገቢያ እጠግናለሁ።

ትንሽ ተላቀስን። ከዚያ፣ «አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለች። «እቃው ውስጥ ሪሞት አገኘን። ሽጉጥ ሽጉጥ ይመስላል፣ ጎኑ ላይ ትንሽ ጎማ አለው። ቴሌቪዥኑ ላይ ሞከርነው፣ ዲሹ ላይ ሞከርነው፣ እምቢ አለ። ምንድነው የሚከፍተው?»

«ለምን ፈለግሽው?»

«በመጨረሻዎቹ ቀናት ከእጁ አላወጣውም። ዓይኑን ጨፍኖ በአፉ ትርርርር ይላል። ከዚያ ቷ ቷ። እንደገና ትርርርር። ከዚያ ‹ውሃውን አምጡ!› ብሎ ይጮሃል። እንሰጠዋለን፣ አይጠጣም፣ ይስቃል። ጎረቤቱ ሁሉ ‹ነገር ተቀላቀለበት› አለ። እማዬ ግን የውሃው ነገር አልወጣላትም። ‹ባሌ ውሃ እንደጠማው ሄደ› እያለች አሁንም ታለቅሳለች።»

መልሱን ገና ሳትጨርስ አውቄዋለሁ። ግን በስልክ በሁለት ቃል የሚባል ነገር አይደለም።

«ሪሞቱን ነገ በባቡር ለሚመጣ ሰው ስጪልኝ» አልኳት። «የሚከፍተውን አርብ አሰማሻለሁ። እናትሽን ደግሞ እስከ አርብ ለቅሶ እንዳታለቅስ፣ ኢንጂነሩ ከልክሏል በያት።»

ለእናንተም እንዲገባችሁ ሰውዬውን ልንገራችሁ።

ጋሼ አርጋው ጅቡቲ፣ ሀራሙስ የሚባል የሀብታም ሰፈር ውስጥ የአንዲት ማዳም ቪላ ዘበኛ ነበር። ረጅም፣ ቀጭን፣ ኮቱን በሐምሌ የጅቡቲ ሙቀት የማያወልቅ። ከዚያ በፊት ድሬዳዋ፣ የድሮው ባቡር ጋራዥ ውስጥ ዕድሜውን ብረት ሲያክም የኖረ ሰው ነው። መጀመሪያ ስንተዋወቅ «እርስዎ» ስለው ተቆጣኝ። «አቦ ተወኝ! የድሬን ልጅ አንቱ ሲሉት ወገቡን ያመዋል።» ከዚያ በኋላ አንተ ነው ያልኩት፣ እስከ መጨረሻው።

እኔ ደግሞ፣ ካላወቃችሁኝ፣ ካርቲዬ ዶ ሰፈር ውስጥ ከስልክ እስከ ክሊማ የማልጠግነው የለም። እዚህ አገር አየር ማቀዝቀዣውን ክሊማ ነው የምንለው፣ የሞተ ክሊማ ያስነሳሁት ብቻ ተደርድሮ አምቡሊ ይደርሳል። ትምህርት ቤት ያስተማረኝ ማንበብ ነው። የቀረውን ያስተማረኝ የተቃጠለ እቃ ነው። መምህሮቼ ሁሉ ተቃጥለው ነው የሞቱት ብዬ እቀልዳለሁ።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ ያኔ ግን እኔም አላውቀውም ነበር። ጋሼ አርጋው አያይም። ሁለቱም ዓይኑ ላይ ሞራ ወጥቶበት ሰው የሚታየው እንደ ጥላ ነው፣ ቀንና ማታ ይለያል፣ በቃ። ዘበኛ አያይም ከተባለ በነጋታው ሻንጣውን ይዞ ይወጣል። ልጁ ሰላማዊት ደግሞ በነርስነት ልትመረቅ ጥቂት ወር ነው የቀራት፣ የሚያስተምራት እሱ ነው። ስለዚህ ደበቀ። ማዳምን «ለጊቢው ውበት ነው» ብሎ ከበሩ ጀምሮ ጠጠር አስነጠፋት። ጠጠሩ ላይ የሚረግጠውን ሁሉ በእርምጃው ያውቀዋል። ማዳምን በተረከዟ፣ ሾፌሩን ዑመርን በነጠላ ጫማው፣ እኔን በወሬዬ። ጠጠሩ ጋ ሳልደርስ ይሰማኛላ!

አንድ ቀን ታዲያ ሱቄ መጣ፣ ካርቶን ታቅፎ። ከጎረቤት ቪላ አገራቸው የተመለሱ ሰዎች የጣሉት ነው። ስከፍተው የሪሞት መኪና፣ ቡጊ። ግን እንደ ዛሬዎቹ ሹልና አብረቅራቂ አይደለችም፣ የድሮ አምሳያ ናት። የኋላ ጎማዋ ወፍራምና እሾሃም፣ የፊቱ ቀጭን፣ አሞርዛተሮቿ እንደ ዶሮ አጥንት ውጭ የወጡ፣ መሃሏ ላይ ቆብ ያደረገ አሻንጉሊት ሾፌር የተቀመጠባት። ባትሪ ሰጥቼ ስነካት ጮኸች። አጯጯኋ! ማርሿ ውስጥ ጠጠር የሚፈጭ ነው የሚመስለው።

«አቤት ድምፅ» አለ ጋሼ አርጋው፣ ፊቱ በርቶ።

«አይዞህ፣ ዝም አስብላታለሁ» አልኩት።

«ማን ዝም አስብል አለህ?» አለኝ። ያኔ ነበር መስማት የነበረብኝ።

አርብ አርብ አስር ሰዓት ላይ ፀሐይ ስትበርድ አምቡሊ ወንዝ ውስጥ እንሽቀዳደማለን። ወንዝ ይባላል እንጂ ውሃውን ካሳየን ቆይቷል፣ አሸዋ ነው። ዘበኞች፣ ሾፌሮች፣ አውሮፕላን ማረፊያ ሻንጣ የሚጭኑ ልጆች፣ ሁሉም እንደ አቅሙ መኪና አለው። ሕጉ አጭር ነው፦ በአንድ ጄሪካንና በአንድ አሮጌ ጎማ ዙሪያ አምስት ዙር። መጨረሻ የወጣ ዳገቱን ወጥቶ ከሱቁ በረዶ የገባበት ውሃ ለሁሉም ያመጣል። አንደኛ የወጣ ደግሞ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ «ውሃውን አምጡ!» ብሎ ይጮሃል። በዚያ ሙቀት ያችን ቃል መጮህ ከዋንጫ ይበልጣል። የራሴ መኪና እቃ የበዛባት፣ መብራት ያላት፣ በከተማው አንደኛ ናት። ውሃ ግን ብዙ ጊዜ የማመጣው እኔ ነኝ። አሸዋው አይወደኝም።

ቡጊዋን ሳሻሽል ሽማግሌው ሱቄ መጥቶ ይቀመጣል። እኔ ቶሎ ሞተር መቀየር አምሮኛል። እሱ እምቢ። «መጀመሪያ እግሯን፣ ቀጥሎ ልቧን። እግር የሌለው ልብ የት ይደርሳል?» ይለኛል። በጎማዎቿ መሃል የነበረውን የፕላስቲክ ቀለበት እያወጣን ኩሽኔታ አስገባን። የአሞርዛተሮቿን ዘይት ቀየርን፣ የልብስ ስፌት መኪና ዘይት ቀጭን ሆነብን፣ ከፍሬን ዘይት ጋር ሞከርን፣ ላስቲኩን አሳበጠብን፣ ተመልሰን ወፍራም ዘይት ፈለግን። ጋሼ ሁልጊዜ የካቻቢቴውን ጫፍ ማርሹ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ ያደርግና ዓይኑን ይጨፍናል።

«ግራዋ የኋላ ጎማ ታለቅሳለች» ይላል።

እፈታለሁ። አንድ የአሸዋ ፍሬ!

«እንዴት አወቅክ?»

«ባቡር የሚታከመው በጆሮ ነው። ዓይን ይዋሻል፣ ብረት አይዋሽም።»

ሪሞቱ ጎን ላይ ያለችው ትንሽ ጎማ መሪዋ ናት፣ እሷ ላይ የክብሪት እንጨት ለጠፈ። ለጌጥ መስሎኝ ሳቅኩበት። ወንዙ ውስጥ፣ መዞሪያዎቹ ጋ፣ ያረጀ ቆርቆሮ አምጥቶ አነጠፈ። «ጎማ አሸዋውን እንዳይቆፍረው» አለ፣ ሁሉም አመሰገነው። ሲነዳ እኛ ዳር ስንቆም እሱ መሃል ይቆማል። «ጉልበቴ ዳገት አይወድም» ይላል። እሺ አልን። መኪናዋ ትርርርር እያለች ትዞረዋለች፣ ቆርቆሮው ላይ ስትወጣ ቷ ቷ ትላለች፣ እሱ ያኔ መሪውን ያዞራል። ሶስት አርብ በተከታታይ አሸነፈ። «ውሃውን አምጡ!» ሲል ድምፁ ባልባላ ድረስ ይሰማል። ውሃውን ያመጣሁት እኔ ነኝ፣ ሶስቱንም ጊዜ።

ዑመር ይናደዳል። ዑመር የዚያው ቪላ ሾፌር ነው፣ የጅቡቲ ልጅ፣ ልጅነቱን ድሬ ስላሳለፈ አማርኛው ከኔ ይሻላል። «ዋርያ፣ ይሄ ሽማግሌ በዚህች ቅራቅንቦ ነው እኔን የሚያሸንፈኝ?» ይላል።

እኔም ውስጤ አላረፈም። ሶስት ጊዜ ያሸነፈችው እኮ ጋሼ ‹በቃ› ባለበት አቅሟ ነው፣ እኔ ብነካት የት ትደርስ ነበር? ዱባይ ለሚመላለስ ሰው ነግሬ ካርቦን የሌለው፣ የማይጮህ አዲስ ሞተር አስመጣሁ። ማርሿን በሙሉ ቀየርኩ፣ በግራሶ ሞላሁት፣ አሮጌውን ሞተር መዳቡን ፈታሁት። ስሞክራት ድምፅ የለም። እንደ ድመት! ካጠገብህ ታልፋለች፣ አትሰማትም። እግዜር ያሳያችሁ፣ በሕይወቴ እንደዚያ ያማረ ሥራ ሠርቼ አላውቅም። ለጋሼ አልነገርኩትም። ስጦታ ነው፣ ድንገት ይየው ብዬ።

ድንገት ይየው! አሁን ሳስበው ምላሴን መንከስ ያምረኛል።

አርብ ደረሰ። ተሰለፍን። «ሂድ!» ተባለ። ሁሉም መኪና ተነሳ። ጋሼ አርጋው መሃል ቆሞ ሪሞቱን ይጫናል፣ ጭንቅላቱን ወደዚህም ወደዚያም ያዘነብላል።

«ምነው አልተነሳችም?» አለ።

«ሄዳለች እኮ! ጋሼ፣ ሄዳለች!» ብዬ ጮህኩ።

ሄዳለች ብቻ? በሰው እግር መሃል ገብታ፣ የአንዱን ቴርሞስ ገልብጣ፣ ሁለት ፍየል አባርራ፣ የድልድዩን ምሰሶ በአፍንጫዋ ሳመችው። አሻንጉሊቱ ሾፌር ራሱ ተነቅሎ በረረ። ሰው በሳቅ ወደቀ። ከሁሉም በላይ የሳቅኩት እኔ ነኝ።

«ጋሼ፣ ፈረስ ስንሰጥህ በቅሎ ይሻልሃል ማለት ነው!» አልኩት።

«እጄን አላበው» አለ። አልሳቀም። ሪሞቱን ኮቱ ውስጥ ከተተና ሄደ።

ዑመርም አልሳቀም፣ ሽማግሌውን እያየው ነው። ወደ እኔ ተጠጋ። «ዋርያ፣ ይሄ ሰውዬ ያያል?»

«ምን ማለትህ ነው?»

«መኪናዋ ፍየሎቹ ጋ ስትሄድ ፊቱ ወደ ሌላ ነበር። ማዳም ቤት መዋኛ አለ፣ ሕፃናት አሉ። እኔ ዝም ብዬ አንድ ነገር ቢፈጠርስ?»

«አንተ ደግሞ ተሸንፈህ ነው» አልኩት። ሮጬ ሽማግሌው ላይ ደረስኩበት፣ ሚኒባስ እየጠበቀ ነው። አንዱ መጣና ፊታችን ቆመ።

«የየት መስመር ነው?» አለኝ ጋሼ።

የመስመሩ ስም ሚኒባሱ ግንባር ላይ በትልቁ ተጽፏል። ከሚኒባሱ በሁለት እርምጃ ርቀት ላይ ነን። በዚያች ቅጽበት ጠጠሩ፣ ቆርቆሮው፣ በጣቱ የሚዳስሰው ክብሪት፣ ካቻቢቴው፣ ሁሉም በአንድ ላይ ጭንቅላቴ ውስጥ ገባ። አይቼው የማውቀውን ሁሉ አላየሁትም ነበር።

«ጋሼ» አልኩት፣ «መቼ ነው የጠፋብህ?»

ሚኒባሱን ሳይሳፈር አሳለፈው። «ሁለት ዓመት አለፈው። ሰላማዊት እስክትመረቅ ሁለት ወር ብቻ ነው የቀረኝ። ከዚያ ዓለም ሁሉ ይወቀው። አንተ ደግሞ ዓይኔን አወጣህብኝ። ጩኸቷ እኮ ነበር ዓይኔ።»

እኔ ሰው ሲወቅሰኝ አስር ምክንያት የምደረድር ነኝ። ያን ቀን ግን ምክንያቱን ትቼ የባሰውን ነገርኩት።

«ዑመር ጠርጥሯል» አልኩት። «በሚቀጥለው አርብ ሊያይህ ነው።»

«እንግዲያው አርብ መንዳት አለብኝ» አለ። «ካልነዳሁ አወቀ ማለት ነው።»

ሳምንቱን ሙሉ ሌላ ሥራ አልሠራሁም። አሮጌው ሞተር የለም፣ እኔው ፈትቼ ጨርሼዋለሁ። ስለዚህ ዝምተኛዋን ማስጮህ ነበረብኝ። ሕፃናት ብስክሌት ላይ ካርቶን እንደሚያስሩት ማርሹ ላይ የስልክ ካርድ አስጠጋሁ፣ እንደ ትንኝ ጮኸ፣ ከዚያ ቀለጠ። ላስቲክ ሞከርኩ። የማበጠሪያ ጥርስ ሞከርኩ። በመጨረሻ ከወተት ቆርቆሮ ምላስ የምታህል ቆርጬ ጥርሱ ላይ አሳረፍኳት። ጋሼ አርጋው ዓይኑን ጨፍኖ ይሰማል፣ እንደ ክራር አስተካካይ።

«ትንሽ ላላ አድርጋት። በዛ። መልስ። ትንሽ… ትንሽ… እዚያው! እዚያው ተዋት! አሁን ባቡር ናት።»

ዓለም በሙሉ መኪና ዝም ለማሰኘት ሲደክም፣ እንድትጮህ አድርጎ ያሻሻለ መሐንዲስ እኔ ብቻ ነኝ። ይሄን ጉራ ማንም አይቀማኝም።

አርብ ዑመር ሰዓቱ ሳይደርስ መጥቶ ጠበቀን። ጋሼ መሃል ቆመ። «ሂድ!» ትርርርር አለች። የጋሼ ትከሻ ላላ። ቷ ቷ፣ ዞረች። ትርርርር፣ ቷ ቷ። አራት ዙር ሙሉ ከዑመር ጋር ጎን ለጎን ሄዱ። አምስተኛው ላይ ዑመር በአንድ ጎማ ርዝመት ቀደመው። እኔ እንደ ልማዴ መጨረሻ።

ሰው አጨበጨበ። ዑመር ወደ ጋሼ አርጋው መጣና ሊጨብጠው እጁን ዘረጋ። የዑመር መኪና አሸዋው ላይ ሞተሯን አላጠፋችም፣ የጋሼ ጆሮ እዚያ ነው። የዑመር እጅ አየር ላይ ቀረ። ጋሼ ወደ ወንዙ እያየ ፈገግ እንዳለ ነው።

እኔ ጥርሴን ነከስኩ። በቃ፣ አለቀ አልኩ።

ዑመር የተዘረጋ እጁን አየው። ሽማግሌውን አየው። ከዚያ ጎንበስ ብሎ የጋሼን እጅ ካለበት አነሳና በሁለት እጁ ያዘው። «አቦ ጋሼ» አለ፣ «በጎማ ነው ያመለጥኩህ። ጌታ ነህ።»

ስንወጣ ለብቻዬ ጎትቶ ጠየቀኝ፣ የሰላማዊትን ምርቃት ነገርኩት። «ስንት ጊዜ ነው የቀረው?» አለኝ። «ሁለት ወር» አልኩት። «እሺ። እኔ በሩ ጋ አብሬው እቀመጣለሁ። መዋኛውን እኔ አያለሁ። ከሁለት ወር በላይ ግን አንድ ቀን እንዳይሆን።» ልክ አልሠራችሁም የሚለን ይኖራል፣ እኔም አንዳንዴ እንደዚያ እላለሁ። ግን ዑመር ሁለት ወር ሙሉ አንድም ቀን ከበሩ አልጠፋም።

ሰላማዊት ተመረቀች። ጋሼ አርጋው ማዳምን ተሰናብቶ ሻንጣውን ያዘ። መኪናዋን ለኔ ሰጠኝ፣ ሪሞቱን ግን ኮቱ ውስጥ ከተተው።

«ያለ ሪሞት ምን ላድርጋት?»

«አንተን አላምንህም። ደግሞ ዝም ታሰኝብኛለህ። ስመለስ እነዳታለሁ።»

ነርሷ ልጁ መጀመሪያ ያደረገችው ነገር ዓይኑን ማሳየት ነው። ሞራው ተገፈፈለት። በቪዲዮ ደወለልኝና ብዙ ሰዓት የመሰለኝን ያህል አፈጠጠብኝ።

«አንተ ነህ እንዴ?»

«እኔ ነኝ!»

«በድምፅህ ፀጉር ነበረህ እኮ!»

ራሴን አሻሸሁ። ከዚያ መኪናዋን አሳየሁት። ዝም ብሎ አያት። «እሷስ እንዳሰብኳት ናት» አለ። እመጣለሁ ነበር የሚለው፣ ያችን የአንድ ጎማ ነገር ከዑመር ላይ ሳላስመልስ አልቀርም ነበር የሚለው። ስኳሩ ቀደመው።

ሪሞቱ ሐሙስ ደረሰ። ክብሪቱ እንደተለጠፈ ነው።

አርብ አስር ሰዓት ላይ ዑመር ድምፁን ሊቀዳ ስልኬን ይዞ መሃል ቆመ፣ የሽማግሌው ቦታ ላይ። እኔ ጉራዬ አልለቀቀኝም፣ ዓይኔን ጨፍኜ እነዳለሁ አልኩ። ሶስት ሜትር ሳትሄድ ጄሪካኑን ገጨችው።

«ዋርያ፣ ዓይንህን ግለጥ!» አለኝ ዑመር። ገለጥኩ። አምስት ዙር ነዳኋት። ትርርርር፣ ቷ ቷ፣ ትርርርር። አምስተኛው ሲያልቅ ዑመር ሳልነግረው ስልኩን አፉ ላይ አድርጎ «ውሃውን አምጡ!» ብሎ ጮኸበት። ድምፁን ለሰላማዊት ላክንላት።

ብዙ ሳይቆይ ስልኩ ጠራ። ልጅቷ አይደለችም፣ እናትየዋ ናቸው።

«ይሄ ድምፅ የምንድነው?» አሉኝ።

ነገርኳቸው። መኪናዋን፣ ቆርቆሮውን፣ ሕጉን። «መጨረሻ የወጣ ነው ውሃ የሚያመጣው፣ እትዬ። አምጡ ብሎ የሚጮኸው ያሸነፈው ነው። ጠምቶት አልነበረም።»

ከዚያ፣ «ታዲያ ማንን ነው ያሸነፈው?» አሉ።

«እኔን!» አልን፣ እኔና ዑመር እኩል።

ሳቁ። እንደ ሰላማዊት አነጋገር ባላቸው ካረፈ ወዲህ የመጀመሪያቸው ነው። ስልኩን ከዘጋን በኋላ ዑመር «የተሸነፈው እኔ ነኝ» ብሎ ድርቅ አለ፣ እኔም ድርቅ አልኩ። ስላልተስማማን ውሃውን ልናመጣ ሁለታችንም ዳገቱን ወጣን።